እናቴ ምን ትወድ ነበር?

ቅጹ አራት ገጽ ነበር። ሦስቱን ገጽ ሳልቸገር ሞላሁ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የማይስማማት ምግብ። አሥራ አንድ ዓመት ሲኤንኤ፣ ማለት የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ወረቀት አይከብደኝም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። «ከመታመሟ በፊት ምን ማድረግ ትወድ ነበር?» ይላል።

ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ የአረጋውያን ቀን ማዋያው ሬክሬሽን ቴራፒስት ናት። አላጣደፈችኝም። እኔ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ሥራ ብቻ ነው። እናቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር። በርበሬ ታስፈጭ ነበር። ገበያ ትወጣ ነበር። ስድስት ልጅ አሳደገች። መጨረሻ ላይ «ቤተ ክርስቲያን መሳም» ብዬ ጻፍኩ። «ሌላስ?» አለችኝ ልጅቷ። ሌላ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናቴን ምን ደስ እንደሚላት አላውቅም። እዚያው አለቀስኩ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ አራት ሆነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ልጄና እናቴ። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ብዙ አይናገርም፤ የሚፈልገውን እጄን ጎትቶ ነው የሚያሳየኝ። ቁመቱ እኔን አልፏል፣ እኛ ግን አሁንም ማሙሽ ነው የምንለው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የመጣችውም እሱን ልትይዝልኝ ነበር። አምስት ዓመት ያህል ያዘችልኝም። ከዚያ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሳች። ቀጥሎ የምንኖርበትን ፎቅ። ቀጥሎ የእኔን ስም።

ቀን ቀን ደህና ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ትነሣለች። ነጠላዋን ታጣፋና «በሉ እንግዲህ መሸብኝ፣ ጥጃው አልታሰረም፣ ቤቴ ልግባ» ትላለች። በሩን ለመክፈት ትታገላለች። «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው» ስላት ትጮኻለች። ማሙሽ ጩኸት አይችልም። ጆሮውን ይዞ በጭንቅላቱ ግድግዳ ይመታል። ባለቤቴ ማታ ታክሲ ላይ ነው። አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

ስለ እፎይታ፣ ማለትም በሽተኛውን ሌላ ሰው ለጥቂት ሰዓት ሲይዝለት አስታማሚው ስለሚያገኘው ትንፋሽ፣ የማወራው ከዚህ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው።

እናቴ ከመታመሟ በፊት አንድ ቤት እሠራ ነበር። ሰውየው ፓርኪንሰን ነበረባቸው። ባለቤታቸው ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። እኔ የምሄደው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት። ወረቀቴ ላይ «ሬስፒት» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ለእኔ የፈረቃ ስም ነበር፣ ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም። ሴትዮዋ እኔ ስገባ ቦርሳቸውን አንሥተው ይወጣሉ። ገበያ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃ ልገልጥ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። መኪናቸው ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ውስጧ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተኝተዋል። አራቱንም ሰዓት ተኙ። በሰባት ሰዓት ፀጉራቸውን አስተካክለው ገቡና «መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር» አሉኝ። «አዎ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይዘጋጋል» አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በሩን ቀስ አድርጌ መዝጋት ጀመርኩ።

ለዚህ ነገር የአማርኛ ስም ስፈልግለት ቆይቻለሁ። «እረፍት» እንዳልል እኛ ጋ «አረፈ» ከተባለ ሰውየው ተቀብሯል። ስለዚህ «እፎይታ» እለዋለሁ። እንጦጦ ዳገት ላይ እንጨት የሚሸከሙትን ሴቶች አስታውሳለሁ። ሸክማቸውን የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው እፎይ ይላሉ። ሲነሡ ደግሞ መንገደኛውን «አሸክሙኝ» ይላሉ። እንጨቱን ጥለው አይሄዱም። ወደ ቤት የሚገባ እንጨት ነው።

አገር ቤት ለዚህ ነገር ስም አላስፈለገውም፤ ጎረቤት ነበረ። «እስቲ እናቴን አንድ ጊዜ እዪልኝ፣ ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ» ይባላል፤ አለቀ። እዚህ ጎረቤቴን የማገኛት አሳንሰር ውስጥ ነው። የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ ደጎች ናቸው፣ ግን የሁሉም ቤት እንደኔው ነው፤ ሁለት ሥራ፣ ልጅ፣ ሞርጌጅ። እናቴን ቀን ማዋያ ላስገባት ማሰቤን የሰማች አንዷ «እናትሽን ለፈረንጅ ልትሰጪ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔም ውስጤ እንደዚያው ይል ነበር። የሰው እናት እየተከፈለኝ ሳጥብና ሳጎርስ ነውር አልመሰለኝም። የኔን እናት ሌላ ሰው አራት ሰዓት ሲይዝልኝ ግን እንደ መጣል ቆጠርኩት። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ሌሊት ነው። እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ጋ ስትሄድ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ጠዋት ሳጥባት የአራት ጣቶቼ ምልክት ክንዷ ላይ ነበር። ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ምልክት ሳይ ሪፖርት የማደርገው እኔ ነኝ። ሳሙናውን ይዤ ብዙ ቆምኩ። እሷ ምን እንደሆነ አታስታውስም። «ምነው ልጄ፣ ከፋሽ?» አለችኝ። በዚያው ቀን ስልክ መደወል ጀመርኩ።

አሠራሩን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ልንገራችሁ። በቨርጂኒያ ሜዲኬይድ፣ ማለት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለው ሰው የነርሲንግ ሆም ያህል እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ፣ ነርሲንግ ሆም ሳይገባ በሚረዳበት ሲሲሲ ፕላስ በሚባለው የሜዲኬይድ ፕሮግራም (ዌቨር ይሉታል) ቤቱ ሆኖ መረዳት ይችላል። ዕድሜ አይወስነውም፤ እናቴም ልጄም በዚሁ ነው የገቡት። ለመጀመር ለከተማው ወይም ለካውንቲው የሶሻል ሰርቪስ ቢሮ ደውሎ ግምገማ መጠየቅ ነው። በክፍያ ሳይሆን በራሱ ለሚንከባከበው ቤተሰብ በዓመት 480 የእፎይታ ሰዓት አለ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ያልተጠቀማችሁበት ሰዓት ለሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። 480ን ለ52 ሳምንት ብታካፍሉት በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን ይመጣል። እኔ ለእናቴ የመጀመሪያውን ዓመት ሦስት መቶ ያህሉን ሳልነካ አቃጠልኩ። እንዳታደርጉት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ወላጆቻችንን በግሪን ካርድ ስለምናመጣ፣ ለሜዲኬይድ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለ። አምስቱ ዓመት ሲሞላ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም፤ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሌላው፣ ለልጅ በዚህ ዌቨር ስታመለክቱ የሚታየው የልጁ የራሱ ገቢ ነው፤ የእናትና የአባት ደመወዝ አይደለም። «እኛ ገቢያችን ያልፋል» ብለው ሳያመለክቱ የተቀመጡ ሦስት ቤተሰብ አውቃለሁ። ለእድገት እክል የተዘጋጁት ሌሎቹ ዌቨሮች ግን ወረፋ አላቸው፤ ማሙሽ እስካሁን ወረፋ ላይ ነው።

ሰዓቱ ተፈቀደ ማለት ደግሞ ሰው ተገኘ ማለት አይደለም። አንድ ኤጀንሲ ሦስት ቅዳሜ ሰው እልካለሁ ብሎ አልላከም። ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ እናቴ እንኳን ነገሩ ገብቷት «ቀጥሮሽ ነው እንዴ የቀረው?» አለችኝ። በኋላ ነው የሚይዝልህን ሰው ራስህ መርጠህ የምታስቀጥርበት መንገድ እንዳለ ያወቅሁት። አሁን ቅዳሜ የምትመጣው የማኅበራችን እህት ናት። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ጉልበት ትስማለች። ቡና ታፈላለች። እናቴ ማን እንደሆነች አታውቃትም፣ ግን እንደ እንግዳ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀበላታለች።

ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ።

ሬክሬሽን ቴራፒስት ሲባል ቢንጎ የምታጫውት፣ ፊኛ የምትነፋ ሰው ትመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። በዲግሪ የሚማሩት ሙያ ነው። ብሔራዊውን ሰርተፍኬት ለማግኘት ቢያንስ 560 ሰዓት ልምምድ ይሠራሉ፣ ፈተናም ይወስዳሉ። ሥራዋ ሰውየው የሚወደውን ነገር ፈልጋ እንደ መድኃኒት መስጠት ነው። ለእናቴ ያወጣችውን እቅድ አሳይታኛለች። በስምንት ሳምንት ውስጥ ሳትነሣ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላ በእጇ አንድ ነገር እንድትሠራ፤ ቀን እጇ ከሠራ ማታ መቅበዝበዟ ይቀንስ እንደሆነ እንድናይ። ሥራ ፈት መሆን በሚነወርበት ቤት ላደግን ሰዎች መዝናናት የቅንጦት ነገር ነው። ግን እኛው እኮ እንግዳ ስንቀበል «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን። ዝም ያለ ሰው «ታሟል እንዴ?» ይባላል። ጨዋታ ከጤና ጋር እንደሚሄድ ድሮም እናውቅ ነበር።

ልጅቷ አማርኛ አትችልም። «ጥቂት ቃል ጻፊልኝ» አለችኝ። «ነይ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «ጎሽ» ብዬ በእነሱ ፊደል ጻፍኩላት። ቤት ስደርስ ቆጨኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ እናቴን «ነይ» ልትላት ነው። በማግስቱ ወረቀቱን ተቀብዬ ሰረዝኩና «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ» ብዬ ቀየርኩት። ልዩነቱን ሳስረዳት ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ እማዬ ልጅ እያለች ምን ትወድ ነበር?»

«መውደድ?» አለች እትዬ። «ምን መውደድ አለ፤ ሥራ ነበር እንጂ።» ትንሽ ዝም አለችና «ፈትል ላይ ግን የሚደርስባት አልነበረም። ቀጭን ፈታይ ነበረች። እኔ የተዳርኩበትን ቀሚስ ጥጡን የፈተለችው እሷ አይደለችም? ማታ ማታ ሌሎቹ ሲተኙ እሷ እንዝርቷን ይዛ ታንጎራጉር ነበር። እናታችን እንኳን ኩራዙን አጥፊ ብላ ትቆጣት ነበር» አለችኝ።

ኩራዙን አጥፊ እስክትባል ድረስ። ለሥራ ብቻ ቢሆን ማን ይቆጣታል?

መጀመሪያ ከፋርማሲ ጥጥ ገዛሁ። እናቴ ሳብ ስታደርገው ብጥስ ይላል። ወርውራ ጣለችው። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ፈለግን። የባለቤቴ ጓደኛ ከሽሮ ሜዳ እንዝርትና ባዘቶ አመጣልን። ባዘቶውን እኔና ማሙሽ ሳሎን ዘርግተን አመልማሎ ለመሥራት ሞከርን። አላማረም፣ ግን ይበቃል።

ማዋያው ውስጥ ቴራፒስቷ እንዝርቱንና አመልማሎውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ዝም አለች። እኔ ከኋላ ቆሜአለሁ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አላየችውም። ቀጥሎ አመልማሎውን አንሥታ አሸተተችው። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሳበች። ቀኝ እጇ፣ እሷ ያላዘዘችው ይመስል፣ ሄዶ እንዝርቱን አነሣ። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና እንዝርቱን ጭኗ ላይ አንሸራትታ አሾረችው። ግራ እጇ ወደ ላይ ወጣ። ክሩም አብሮ ወጣ። ቀጭን ነው። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ተበጠሰ። ጫፉን ከንፈሯ ላይ አርጥባ ቀጠለችው፣ በጣቶቿ አሽታ እንደገና አሾረች። ከጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ዜማ መጣ፤ ቃል የለውም።

ከዚያ ቀና ብላ ቴራፒስቷን አየቻት። «ይቺ ልጅ ፈትል ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም እማዬ።»

«ነይ ላሳይሽ» አለቻት።

ልጅቷ ብድግ ብላ ወንበሯን አስጠጋች። «ነይ» እኔ የሰረዝኩት ቃል ነበር። አልረሳችውም። እናቴ የልጅቷን እጅ ይዛ እንዝርቱ ላይ አደረገችው። ሃያው ደቂቃ አልፎ ወደ ሃምሳ ሄደ።

ማታ የተለየ ሰው ሆነች አልልም። በሽታው የሚድን አይደለም። ግን በዚያ ቀን ስለ ጥጃው የጠየቀችው አንድ ጊዜ ነው። «አስሬዋለሁ እማዬ» አልኳት። «ጎሽ» ብላ ተቀመጠች። አሁንም በፈተለችባቸው ቀናት ማታው ይቀላል፤ በሁሉም ቀን አይደለም፣ በብዙው ግን።

ማሙሽም የራሱን አገኘ። የከተማችን የመዝናኛ መሥሪያ ቤት ቴራፒዩቲክ ሬክሬሽን የሚባል ክፍል አለው፤ አካል ጉዳትና የእድገት እክል ላለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ነው። የበጋ ካምፕ አላቸው፣ ሌላም ብዙ ነገር። እሱን በውኃ ጀመሩት። አስተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ገንዳው ዳር አብሮት እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አላደረገም። በአራተኛው ሳምንት ማሙሽ ራሱ የሰውየውን እጅ ጎትቶ ገባ። ጆሮው ውኃ ውስጥ ሲሆን ዓለሙ ጸጥ ይልለታል መሰለኝ። በጀርባው ተንሳፍፎ ጣራውን እያየ ፈገግ ሲል እኔ ከዳር ቆሜ አየዋለሁ። የኒያ ፋውንዴሽንን የመሠረቱትን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ከጓዳ በማይወጣበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አዲስ አበባ ላይ ለኦቲዝም ልጆች ጆይ ማዕከልን የከፈቱ እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። እሳቸው ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ባይወጡ እኔ ማሙሽን ይዤ ገንዳ ዳር ለመቆም ድፍረቱን ከየት እንደማገኘው አላውቅም።

እኔስ? የመጀመሪያው ሐሙስ እናቴን ማዋያ፣ ማሙሽን ትምህርት ቤት አድርሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ብዙ እቅድ ነበረኝ። ጥርስ ሐኪም፣ ባንክ፣ ፀጉሬን መሠራት። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥኩት። ጫማዬን አወለቅሁ። ስነቃ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ፀጉሬን በመስታወት አስተካከልኩ። እናቴን ልወስድ ስገባ ቴራፒስቷ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ ያ ሽማግሌ ቤት ትዝ አለኝ። «ተኛሁ» አልኳት። እውነቱን መናገር እንደዚያ ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እናቶቻችሁን፣ አባቶቻችሁን፣ ልጆቻችሁን የያዛችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ብዙዎቻችሁ በየሰው ቤት እፎይታ የምትሰጡት እናንተው ናችሁ። ለእናንተም ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፌዴራል የእፎይታ ሕግ እንኳን ዕድሜ አይለይም። ቅጹ ከባድ ከሆነባችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ አብሬያችሁም እሞላለሁ። እናታችሁ መናገር ሳያቅታት ደግሞ ያንን ጥያቄ ዛሬ ጠይቋት። እኔ አክስቴን ባላገኝ የሚመልስልኝ አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ያቺ እህት መጥታ ቡና እያፈላች ነበር። እኔ ለመውጣት ጫማዬን አደርጋለሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ትፈትላለች። ማሙሽ የሚሽከረከር ነገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይወዳል፤ የመኪና ጎማ፣ ማራገቢያ፣ የሳንቲም ጠርዝ። እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከእንዝርቱ አይነቅልም። እንዝርቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቷን ነካ ያደርጋታል። እሷም ታሾርለታለች። ሲቀንስ ይነካታል፤ ታሾራለች። ሶፋው ጠርዝ ላይ የብርቱካን ያህል የሆነ ልቃቂት ተቀምጧል።

«ለማን ነው ጋቢው እማማ?» አለቻት ልጅቷ ከጀበናው ጋ ሆና።

እናቴ ስሙን ፈለገች። አልመጣላትም። በአገጯ ወደ ማሙሽ አመለከተች።

«ለዚህ ለረዥሙ» አለች።

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።